የጋሽ ስብሐት ግራ እጅ

ረቡዕ ጠዋት ስብሐት የሸሚዙን ቁልፎች በግራ እጁ ብቻ መቆለፍ ጀመረ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሚስቱ ማሚቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አልረዳችውም። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በዚህ ቤት ሰውየውን ማገዝ አእምሮውን እንደ መግደል ይቆጠራል። ነገሩን ያመጣው ስልኩ ነው። ስልኩ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ አንድ ወጣት አለ፤ ሐኪም ይሁን ፀጉር አስተካካይ እስካሁን አልታወቀም። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ሰው አንጎሉን በየቀኑ አዲስ ነገር ካላሠራው፣ ቆሞ እንደከረመ መኪና ባትሪው ይሞታል ብሎ አስጠነቀቀ። ስብሐት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የተነገረውን በተግባር ያዋለ አንድ ተማሪ አላጋጠመውም። ያላገኘውን ታዛዥ ተማሪ አሁን ራሱ ሆነና ለወጣቱ ታዘዘ።

መጀመሪያ ጥርስ መቦረሽ ወደ ግራ እጅ ዞረ፤ ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ማንኪያ፣ በመጨረሻም እንጀራ። ወደ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ መሄድ ቀረ፤ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው በመድኃኒት ቤቶቹ በኩል ዞሮ፣ የጳውሎስ ሆስፒታልን አጥር ተከትሎ፣ ዳቦው ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ታክሲ ሲጠብቅ ከመቶ ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሰ ይቆጥራል፤ ሁለት ላይ ሲደርስ ታክሲው ሄዷል። ማታ ማታ የዋለበትን ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይተርካል። ስኳር ከቤት ወጣ። በምትኩ ዋልነት የሚባል ለውዝ መሰል ነገር ገባ፤ እፍኝ የማይሞላው ፌስታል ስድስት መቶ ብር። "ቅርጹን እዪው፣ ራሱ አንጎል ነው የሚመስለው" አላት። "ኩላሊት ጥብስ ስትበላ ኖረህ ኩላሊትህን ለምን አመመህ ታዲያ?" አለችው። እሱ ግን እየቆጠረ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰላምታው ነው። ሳይታሰብ የሚወጣ ቃል አንጎልን ያደነዝዛል ስለተባለ፣ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት ተከለከለ። አሁን አንድ ሰው "ጋሽ ስብሐት እንዴት አደሩ?" ሲለው፣ ቆም ብሎ ያስብና እውነቱን ይናገራል፦ "ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቅቻለሁ፤ ሆዴ ትንሽ ተነፍቷል፤ ከትናንቱ ግን ይሻላል።" የጳውሎስ አካባቢ ሰው በሽተኛ ለምዷል፤ ጨዋም ነው፤ ማንም አልሳቀበትም። ሲያዩት መንገድ መቀየር ብቻ ጀመሩ። በዚህ ሁኔታ ስብሐት የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ሁሉ አንጎል በየቀኑ በአዲስ መንገድ ያሠራል።

ማሚቴ ትተርበዋለች እንጂ አብዝታ አትስቅበትም። ታላቅ ወንድሙ በመጨረሻ ዘመኑ፣ ሊጠይቀው የሄደውን ስብሐትን የቀበሌ ሰው መስሎት መታወቂያውን አውጥቶ እንዳሳየው ታውቃለች። ስብሐት መታወቂያውን ተቀብሎ፣ አገላብጦ አይቶ፣ "ትክክል ነው" ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ መነፅሩን ያስቀመጠበት በጠፋው ቁጥር ፊቱ ይለወጣል።

እሷ ራሷ የአእምሮ ስፖርት አያስፈልጋትም፤ ወንድም አላት። ጉታ ይባላል፤ ታናሿ ነው፤ ሸጎሌ አዲስ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። እናታቸው የሞተች ጊዜ፣ ለቀስተኛ በሞላው ድንኳን መካከል ተነሥቶ፣ ጣቱን ወደ እህቱ ቀስሮ፣ "የባዳ ደም በማጉያ መነፅር ስታይ የምትውል፣ የእናቷ ደም ሲያልቅ ያላየች!" አለ። ማሚቴ ጡረታ እስክትወጣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራች ሴት ናት። እናትየው የምትኖረው እሷ ጋ ነበር። ጨጓራዋ ውስጥ ለውስጥ ሲደማ ከርሞ ኖሮ፣ "ደከመኝ" ስትል "እርጅና ነው እማዬ" ያለቻት ማሚቴ ነበረች። ጉታ የተናገረው ሐሰት ቢሆን ኖሮ በአርባው በረሳችው። ሐሰት ስላልሆነ ግን በየጠዋቱ ፊቷን ስትታጠብ ከነድምፁ፣ ከነጣቱ አቀሳሰር በቃሏ ትወጣዋለች። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልጠፋባትም። ስብሐት በዋልነት የሚፈልገውን ንቃት እሷ ከቂም በነፃ ታገኘዋለች።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ሙሐዲን ቤቷ መጡ። ሐጂ ከጉታ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በሸጎሌ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተጋጨ ጎረቤት ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። "ወይዘሮ ማሚቴ፣ ወንድምዎ ይፈልግዎታል። ለፈጣሪ ብለው ይምጡ፤ ነገሩ ባይዘገይ ጥሩ ነው" አሉ። "ባይዘገይ" የሚለውን ማሚቴ ልብ አላለችውም፤ "ይፈልግዎታል" የሚለው ጆሮዋን ሞላው። ቀኑ ረቡዕ ተባለ። ሐጂ ክርስቲያን የሚያስታርቁት ሁልጊዜ በጾም ቀን ነው፤ ትሪው ላይ ሥጋ ስለማይኖር ካስታረቋቸው ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ማሚቴ እሺ ስትል አንድ ነገር ብቻ ፈልጋ ነው። ጉታ ያንን አባባል ራሱ አንሥቶ፣ ሰው ፊት፣ "ይህን ብያለሁ፤ አጥፍቻለሁ" እንዲል። እንዲያው በደፈናው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ቢል አትቀበልም። አንዷን ቃል እንኳ ቢዘል ልታርመው ተዘጋጅታለች።

"አንድ ነገር ቃል ግባልኝ" አለችው ስብሐትን፣ አራተኛው ቁልፍ ላይ ሲደርስ።

"ምን?"

"ዛሬ በቀኝህ ብላ።"

"ልጁ እኮ አንድ ቀን ካቋረጥክ..."

"ልጁ ትሪው ላይ የለም። በሰው ማዕድ ግራህን ስትሰድ ባይ እኔው ነኝ የምቆርጥልህ።"

"እሺ በቃ፣ በቀኜ።"

"ሰላምታም እንደ ሰው።"

"እሱን እንኳ አልችልም" አለና አምስተኛውን ቁልፍ ፍለጋ ገባ።

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ሸጎሌ የሚሄድ ታክሲ ሞልቷል። ተሳፍሮ መድረስ ለማንም አእምሮ አይከብድም፤ የከበደው ለስብሐት ብቻ ነው፤ በዚያ መስመር ከዚህ በፊት ሄዷላ። ስለዚህ ማሚቴ ሁለት ኪሎ ብርቱካን በስድስት መቶ ብር ገዝታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለእርቅ ያወጣችውን ጥቁር ጫማ ተጫምታ፣ ባሏን ተከትላ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ገባች። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ካርታ አስተምሯል፤ ሆኖም የወጡት ከብት ተራው መካከል ነው። በግ በግራ፣ በሬ በቀኝ፣ ከታች ጭቃ። አንድ ነጋዴ የሙክቱን ላት በእጁ እየመዘነ፣ "እማማ፣ ይቺን ይዩልኝ፤ ለእርስዎ ሃያ ሁለት ሺህ" አላት።

"ዛሬ ጾም ነው ልጄ።"

"እሱም እኮ ይጾማል እማማ፤ እስከ ነገ ይጠብቅዎታል።"

ስብሐት ሳቀ። ማሚቴ አልሳቀችም፤ የቀኝ ጫማዋ ፋንድያ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰባት ዓመት በክብር የቆየች ሴት ወንድሟ በር ላይ ስትደርስ ጫማዋን በድንጋይ እየፋቀች ነበር።

በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ከውስጥ ተቆልፏል። የጉታ ሚስት አበራሽ አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን ቁልፍ አውጥታ ከፈተችና፣ ካስገባቻቸው በኋላ መልሳ ቆለፈች። ማሚቴ ዓይኗ ነገር አያልፈውም። የቆለፉት ሀብታም ስለሆኑ ነው አለች በልቧ። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ሶፋው ከነላስቲኩ አለ፤ በኩሽናው በር በኩል የምድጃው ማዞሪያዎች ተነቅለው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ በቡና ሲኒ ውስጥ ተቀምጠው ታዩዋት። የሚሰብሩት ዕቃ የተረፋቸው፣ አለች። ጉታ ሶፋው መካከል ተቀምጧል። ወፍሯል። ጺሙ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ ጆሮው ሥር ትንሽ ቁራጭ ሶፍት ተለጥፋለች፤ ጥፍሮቹ እንደ ሕፃን ጥፍር ተስተካክለው ተቆርጠዋል። ሰው ነው የሚላጨው፤ ጌታ ሆኗል፣ አለች። እንዲህ እያለች ያየችውን ሁሉ በየመልኩ ደለደለች። ለሠላሳ ምናምን ዓመት ደመወዝ የተከፈላት ለዚህ ችሎታዋ ነበር።

"እቴቴ! መጣሽ?" አላት ጉታ፣ ትናንት ማታ የተለያዩ ይመስል። ተነሥቶ ሁለት ጉንጯን ሳማት፤ ብርቱካኑን ተቀበላትና አንዱን አውጥቶ አሸተተው። ማሚቴ በቁሟ ደረቀች። ሰባት ዓመት እንዳልነበረ አድርጎ ሊያልፈው ነው ማለት ነው። ቢያፍር፣ ቢቆጣ፣ አንገቱን ቢደፋ ትችለው ነበር፤ ለደስታው ግን አልተዘጋጀችም።

ሐጂ ሙሐዲን ከጥጉ ወንበር ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። "ጋሽ ስብሐት፣ እንዴት ነዎት?"

ስብሐት አሰበ። "ቁልቁለቱ ጉልበቴን አሳምሞታል። ለእርቁም ትንሽ ፈርቻለሁ" አለ።

ሐጂ በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም፤ የተዘረጋ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ቸገራቸው። ጉታ ብቻ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም ከቀልዱ በላይ ረዘመ። አበራሽ "ቁጭ በሉ እንጂ፣ ኧረ ቁጭ በሉ" እያለች ወንበር የሌለበት ሁሉ ታመለክታለች። ከዚያ በኋላ ወሬ ተፈለገ። ስለ ጭቃው ተወራ፤ ስለ በግ ዋጋ ተወራ፤ የብርቱካኑ ኪሎ ስንት እንደሆነ ተጠይቆ፣ ተነግሮ፣ "አይ ጊዜ!" ተባለ። ማሚቴ ሐጂ "እንግዲህ" የሚሉበትን ሰዓት ትጠብቃለች። ሐጂ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን አበራሽ ትሪውን ይዛ ገባች።

"መጀመሪያ ቃሉ አይሻልም? እርቅ ከምሳ ይቀድማል" አሉ ሐጂ።

"እንዳይቀዘቅዝ ነው ሐጂ፤ ከበሉ በኋላ ይደርሳል" አለች አበራሽ፤ ዓይኗ ከባሏ ላይ አልተነሣም። ከማስታጠቢያው ጆግ የሚወርደውን ውሃ ከሳህኑ ውጭ ታፈሰዋለች። ማሚቴ ይህንንም አየች፤ ጥፋተኛ ሚስት አለችው።

ትሪው ሞልቷል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። ሐጂ "ቢስሚላህ" አሉ፤ ማሚቴ አማተበች። ስብሐት አላማተበም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዝምታውን እንዳያባክነው ከመቶ ጀምሮ ወደ ታች እየቆጠረ ነው። ሰባ ሁለት ላይ፣ ወይም ስድሳ አምስት ላይ፣ ግራ እጁ ተነሥቶ ሰውየውን ሳያማክር ትሪው መካከል ገባ። ክረምቱን ሙሉ በድካም ያሠለጠነው እጅ ነውና ሠልጥኖለታል፤ ማሰብ አላስፈለገውም። ሳያስቡ ማድረግን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው፣ በመጨረሻ ሳያስብ ማድረግ የቻለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነበር።

የሐጂ ሙሐዲን እጅ አየር ላይ ቀረ። አበራሽ ጆጉን ደረቷ ላይ አቀፈች። ስብሐት ራሱ እጁን እንደ ባዳ እጅ አየው፤ ጣቶቹ ምስር ይዘዋል፤ ማውጣትም መተውም አልቻለም። ማሚቴ ፊቷ ጋለ። የሰባት ዓመት ጥያቄዋን ይዛ መጥታ፣ አሁን ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ ልትሆን ነው።

ጉታ ግን ከሁሉም ቀደመ። ጎንበስ ብሎ የስብሐትን ግራ እጅ በመዳፉ ሸፈነው፤ ወደ በሩ ገልመጥ አለ፤ ከዚያ በሹክሹክታ፣ "ኧረ ደብቀው! እማዬ እንዳታይህ! እኔን በማማሰያ ነው ያቃመሰችኝ" አለና አፉን በክንዱ ሸፍኖ ተንፈቀፈቀ። የሳቀለት ሰው አልነበረም። ወደ እህቱ ዞረ። "እቴቴ፣ ለምን ይዘሻት አልመጣሽም? የት ሄዳ ነው?"

በማጉያ መነፅሩ ሥር ያለ ነገር መጀመሪያ ጭጋግ ነው። ማስተካከያውን በጣት ጫፍ ትንሽ ሲያዞሩት ድንገት ጠርዝ ያወጣል፤ ከወጣ በኋላ ቅድም እንዴት እንዳልታየ ይገርማል። ከውስጥ የተቆለፈ በር። አንገት ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ። የተነቀሉ የምድጃ ማዞሪያዎች። በሌላ ሰው እጅ የተላጨ ፊት። "ነገሩ ባይዘገይ።" አንዱም አላመለጣትም ነበር። ሁሉንም አይታለች፤ የየአንዳንዱን ስም ብቻ ነው የሳተችው። "ደከመኝ" የሚለውንም ያኔ ሰምታው ነበር።

ለሰባት ዓመት ስትጠብቀው የነበረው ሰው እዚህ ቤት የለም። ያንን ቃል የተናገረው ጉታ ቃሉንም ይዞ ሄዷል፤ የተረፈው እሷ ጋ ያለው ብቻ ነው።

ጉታ ፈገግታው እየጠፋ መጣ። "ደህና አይደለችም እንዴ?" አለ።

ስብሐት አሰበ፤ አፉን ሊከፍት ሲል ማሚቴ በትሪው ሥር ጉልበቱን ጨመቀችው፤ በቁልቁለቱ ያመመውን ጉልበት። አፉ ተዘጋ።

"ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ማሚቴ።

"ደከመኝ ትል ነበር እኮ።"

"አሁን ተሽሏታል።"

"እሱማ!" አለ ጉታ፤ ትከሻው ወረደ። "አንቺ እያየሻት እኔ ምን አስባለሁ። ከአንቺ ዓይን ምን ያመልጣል?" በቀኝ እጁ እንጀራውን ጠቅልሎ፣ ሽሮውን አጥቅሶ፣ ትልቅ ጉርሻ አዘጋጅቶ አፏ ላይ አደረሰ። ማሚቴ ተቀበለችው። ለረጅም ጊዜ አላመጠችው። ሐጂ ሙሐዲን አየር ላይ የቆየውን እጃቸውን አወረዱና "አልሐምዱሊላህ፣ ጨርሰናል" አሉ። ስብሐት ግራ እጁን ጭኑ ሥር ደብቆ በቀኙ በላ፤ ጥቂት አፈሰሰ።

አበራሽ በሩን ከፍታ ስትሸኛቸው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እትዬ፣ አምና ነው የጀመረው። በየቀኑ 'እቴቴ ለምን አትመጣም?' ይለኛል። ተጣልታችኋል ስለው 'ማን አለ?' ብሎ እኔን ይቆጣኛል። በሩ ክፍት ካገኘ ከብት ተራ ይወርዳል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው። ደግሞስ እርስዎ የሚመጡት ጤነኛ ነው ብለው እንጂ፣ ታሟል ቢባሉ እግዜር ፈረደበት ይላሉ ብዬ ፈራሁ።"

ማሚቴ አልተቆጣችም። እውነትም እግዜር ፈረደበት ትል ይሆን ነበር።

ሲመለሱ ስብሐት ስለ መንገድ ምንም አላለም፤ ሁሉም ሰው በሚሳፈርበት ታክሲ ተሳፈሩ። ጥቂት እንደሄዱ የዋለበትን ወደ ኋላ መተረክ ጀመረ፤ ዛሬ ማታን መጠበቅ የቻለ አይመስልም። "አበራሽ ሸኘችን። ከዚያ በፊት ሐጂ መረቁን። ከዚያ በፊት ታጠብን። ከዚያ በፊት..." ቆመ። ግራ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አየው። "ማሚቴ፣ ጉታ ምን ነበር ያለሽ? ቃል በቃል?"

"'አንቺ እያየሻት እኔ ምን አስባለሁ' ነው ያለኝ።"

"ይቅር አልሽው ታዲያ?"

"ማንን?" አለች በመስኮቱ እያየች። ረዳቱ ሂሳብ ሲቀበል ስብሐት ብሩን በቀኝ እጁ ሰጠው። "አባባ፣ ሰላም ዋሉ?" አለው ረዳቱ። ስብሐት አሰበ፤ ሚስቱን ገልመጥ አደረጋትና፣ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ማሚቴ መታጠቢያው ጋ ቆማ ውሃውን በመዳፏ ያዘች። የድንኳኑ ቃል እንደ ልማዱ በሰዓቱ መጣ፤ ከነድምፁ፣ ከነጣቱ፤ አንድም ቃል አልጎደለም። አእምሮዋ ምንም አልሆነም። ከኋላው የትናንቱ ቃል ተከትሎ መጣ፤ በዚያው ሰው ድምፅ፤ ሁለቱ አንድ በር ላይ እንደተገናኙ ባላንጣዎች አልፈው መግባት አቃታቸው። ውሃው በጣቶቿ መካከል ፈሶ አለቀ። እንደገና ቀዳች።

"እማዬ ደህና ናት" አለች ጮክ ብላ። ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ አልወደደችውም። ደገመችው። "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ተሽሏታል።"

"ማን ናት የተሻላት?" አለ ስብሐት ከመኝታ ቤት፣ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ሆኖ።

"ለሚመጣው ረቡዕ እየተለማመድኩ ነው" አለችው፤ ፊቷን መታጠብ ቀጠለች።